30,000 ዲግሪ፣ ግን ለስንት ጊዜ?

የመብረቅ ወሬ ሲነሳ አንድ ነገር ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል። መብረቅ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ይሞቃል ይባላል። ሰሚውም «ወይ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳልፍ ኖሬአለሁ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ መብረቅ የሚያልፍበት አየር ደግሞ ወደ 30,000 ይጠጋል። እንዲያውም አምስት እጥፍ ሲባል ትንሽ ተቀንሶለታል።

እኔን የከነከነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከፀሐይ አምስት እጥፍ የሚሞቅ ነገር የነካው ሰው እንዴት አመድ ሳይሆን ይቀራል? በመብረቅ ከተመቱ ሰዎች አብዛኞቹ ይተርፋሉ። የተመታ ዛፍ ብዙ ጊዜ ሳይነድ ይቀራል። ከጣት የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ደግሞ ያንን ሁሉ መዓት ተቀብሎ ሳይቀልጥ ወደ መሬት ያወርደዋል። አንድ ነገር ጎድሎናል ማለት ነው። የጎደለው ሰዓት ነው። መብረቅ ምን ያህል እንደሚሞቅ ሁሉም ያወራል፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሞቅ ግን የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም።

በመጀመሪያ ይህን ሙቀት ማን ለካው? ደመና ላይ ቴርሞሜትር የሰቀለ የለም። የተለካው በብርሃኑ ነው። አየር በጣም ሲግል በውስጡ ያለው ናይትሮጅን የራሱን መለያ የብርሃን መስመሮች ያወጣል፤ የመስመሮቹ ድምቀት ሲነጻጸር ሙቀቱ ይታወቃል። ሪቻርድ ኦርቪል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጥናት የመብረቅን ብርሃን በጣም በአጫጭር ጊዜ ከፋፍሎ ተመለከተው። ከፍተኛው ሙቀት ወደ 30,000 ኬልቪን ሆኖ ተገኘ (ኬልቪን የሳይንቲስቶች የሙቀት መለኪያ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ከሴንቲግሬድ ብዙም አይለይም)። የታየውም በመጀመሪያዎቹ 10 ማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ድረስ ብቻ ከ100,000 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ያልፋል።

እንግዲህ ያ ዝነኛ ቁጥር ዕድሜው ይህችው ናት።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእሳት ሳይሆን ከበረዶ ነው፤ ይሄ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በነጎድጓዳማ ደመና ሆድ ውስጥ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ ትናንሽ የበረዶ ቅንጣቶችና ከነሱ ከበድ ያሉ ለስላሳ የበረዶ እንክብሎች ይጋጫሉ። ቀላሎቹን ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር ይዟቸው ይወጣል፤ ከባዶቹ ወደ ታች ይቀራሉ። ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይለዋወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዘው ወደ አናት ይወጣሉ፣ ከባዶቹ ኔጌቲቭ ይዘው መሀልና ታች ይሰፍራሉ። አንዱ ግጭት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ግን በብዙ ኪሎ ሜትር ደመና ውስጥ ስንት ቅንጣት እንዳለ አስቡት። ሁሉም ሲደመር በደመናውና በመሬት መካከል ያለው ልዩነት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል።

አየር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ደረቅ አየርን በመሬት ደረጃ ለመስበር በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 3 ሚሊዮን ቮልት ያስፈልጋል። ደመና ውስጥ ባሉንና ሮኬት ልከው የለኩ ሰዎች ያገኙት ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። በሒሳቡ ከሄድን መብረቅ መነሳት አልነበረበትም! ይሁንና በዓለም ላይ በየሰከንዱ በአማካይ 44 ጊዜ ያህል ይበርቃል። የበረዶ ቅንጣቶች ሹል ጫፍ ነው የሚያስጀምረው የሚሉ አሉ። ከህዋ የሚመጡ ፈጣን ቅንጣቶች መንገዱን ይከፍቱለታል የሚሉም አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል፣ ከራሱ በላይ ያለችው ብልጭታ እንዴት እንደምትጀምር ግን ገና አልተስማማም። ደስ ይለኛል እንዲህ ዓይነት ነገር።

ከጀመረ በኋላ ያለው ግን በደንብ ታይቷል። ከደመናው አንድ ደብዛዛ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። አንዴ 50 ሜትር ያህል ይዘልና ትንሽ ቆም ይላል፣ እንደገና ይዘላል። እየሄደ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ መንገድ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። መሬት ሊደርስ ጥቂት አስር ሜትሮች ሲቀሩት ከታች ካለ ረጅም ነገር፣ ከዛፍ ጫፍ፣ ከሕንፃ ማዕዘን ወይም ከቆመ ሰው አናት ሌላ መስመር ተነስቶ ይቀበለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። እኛ የምናየው ኃይለኛው ብልጭታ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ብርሃኑም ከታች ወደ ላይ ነው የሚሮጠው፤ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ሊደርስ ይችላል። በዚያች ቅጽበት በመንገዱ የሚያልፈው ኮረንቲ እንደ ተለመደው 30,000 አምፔር አካባቢ ነው። አንዳንዴ ከ200,000 ይበልጣል። የቤታችን ፊውዝ በጥቂት አስር አምፔር «በቃኝ» ይላል።

የመንገዱ ውፍረት ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሩቅ ወፍራም የሚመስለን ዓይናችንን ስለሚያጥበረብረው ነው።

ያ ሁሉ ኮረንቲ በዚያ ቀጭን መንገድ ሲያልፍ አየሩ በአንዴ ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ መስፋት አለበት፣ ግን ጊዜ የለውም። ሙቀቱ ቀድሞት ደርሷል። ስለዚህ ግፊቱ ባለበት ያሻቅባል፤ ከተለመደው የአየር ግፊት አስር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ከዚያ ይፈነዳል። ነጎድጓድ ይሄው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ቢመጣ ኖሮ አየሩ ዘና ብሎ ይሰፋ ነበር፣ እኛም ምንም አንሰማም ነበር። የምንሰማው ጥድፊያውን ነው። ድምፁ የሚንከባለለው ደግሞ መንገዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ነው። የቅርቡ ጫፍ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሩቁ ተከትሎ ይመጣል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንዱን ቁጠሩና ለሦስት አካፍሉት፤ ርቀቱን ታገኙታላችሁ። እኔ እስካሁን ሳልቆጥር ያለፈኝ መብረቅ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ ይሄ ነው። አንድ መብረቅ በአጠቃላይ የሚያወጣው ኃይል ወደ 1 ቢሊዮን ጁል ይገመታል። ትላልቆቹ የዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናሉ። ቢሊዮን ሲባል ያስደነግጣል። በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቋንቋ ግን 280 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት አንድ ወር እንኳ አይደርስበትም። ያውም ሁሉም ከተያዘ ነው። አብዛኛው ግን መንገድ ላይ አየሩን በማጋል፣ በብርሃንና በድምፅ ያልቃል። መሬት የሚደርሰው ትንሽ ፍርፋሪ ነው።

«መብረቅን ይዘን ኤሌክትሪክ ብናደርገው» የሚል ሐሳብ በየጊዜው ብቅ ይላል። እኔም አንድ ሰሞን በጣም ወድጄው ነበር። እስቲ በደግነት እናስላው። የዓለምን መብረቅ በሙሉ፣ አንድም ሳያመልጠን፣ ምንም ሳይባክን ያዝን እንበል። በየሰከንዱ 44 ብልጭታ፣ እያንዳንዱ 1 ቢሊዮን ጁል። በዓመት 385 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል (1 ቴራዋት ሰዓት 1 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው)። ዓለም ግን በዓመት ከ29,000 ቴራዋት ሰዓት በላይ ታመነጫለች። የሰማዩ መብረቅ ሁሉ ተለቅሞ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ እንኳ አይሞላም። ሐሳቡን እዚያው ጣልኩት።

ታዲያ አስፈሪነቱ ከየት መጣ? ከችኮላው ነዋ። ያንኑ 1 ቢሊዮን ጁል በአንድ ወር ስታፈሱት አምፖልና ፍሪጅ ያሠራል። በሰከንድ አንድ ሺኛ ውስጥ ስታፈሱት ግን 1 ቴራዋት ይሆናል። ይህም የዓለም ማመንጫዎች ሁሉ በአማካይ ከሚሰጡት ጉልበት ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ኃይሉ ያው ነው። የተለየው የተሰጠው ጊዜ ነው።

ሙቀቱም እንደዚሁ ነው። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ የሚረጨውን ፍንጣሪ አይታችሁ ይሆናል። አንዷ ፍንጣሪ ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ ትግላለች፤ እጅ ላይ ብታርፍ ግን ቆንጠጥ አድርጋ ትጠፋለች። በውስጧ የያዘችው ትኩሳት ከትንሽነቷ የተነሳ ቆዳን ለማብሰል አይበቃም። የመብረቅ አየርም እንዲሁ ሙቀቱ የትየለሌ ነው፣ የጋለው አየር ግን ክብደቱ ኢምንት ነው፣ ዕድሜውም አጭር ነው።

አንድ ጊዜ መብረቅ የመታው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሜ ረጅም ሰዓት አሳልፌአለሁ። ከጫፉ ጀምሮ እስከ ሥሩ ድረስ መዳፍ የሚያክል ስፋት ያለው ቅርፊት ተልጦ ወርዷል። ልጡ ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ግንዱን ትንሽ ዞር ብሎታል። ከስር ያለው እንጨት ነጭና እርጥብ ነበር። አሸተትኩት። የሸተተኝ አዲስ የተፈለጠ እንጨት እንጂ ጭስ አልነበረም። የቅርፊቱ ቁርጥራጮች ከዛፉ ብዙ እርምጃ ርቀው ወድቀዋል፤ አንዳንዶቹ ከክንዴ ይረዝማሉ። አንድም የከሰለ ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ኮረንቲው ቅርፊቱ ስር ባለው እርጥብ ክፍል በኩል ወረደ። ውሃው በቅጽበት ተንኖ እንፋሎት ሆነ፣ እንፋሎቱም ቅርፊቱን ገፍቶ ወረወረው። ለማቃጠል ግን እንጨቱ ራሱ መሞቅ ነበረበት፣ ለዚያ ጊዜ አልተሰጠውም።

ጫካ የሚያቃጥለው መብረቅ ሌላ ዓይነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ምት በኋላ መንገዱ ሳይዘጋ ይቀርና በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ብቻ የሆነ ደከም ያለ ኮረንቲ መፍሰሱን ይቀጥላል። የሰከንድ አንድ አስረኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ከ30,000 አምፔር ጋር ሲወዳደር ሰነፍ ነው። ግን ይቆያል። ደረቅ ሣር የሚያቀጣጥለው፣ ቆርቆሮ የሚበሳው ይሄኛው ነው። ስለ አውሮፕላን አካልና ስለ ብረት ጣሪያ የሚጨነቁ መሐንዲሶች ብረቱ ምን ያህል ይቀልጣል ሲሉ ትልቁን የአምፔር ቁጥር ብቻ አይጠይቁም። በአጠቃላይ ስንት ኩሎምብ (የቻርጅ መጠን መለኪያ ነው) በዚያች ነጥብ አለፈ ብለው ይጠይቃሉ። ጮክ ብሎ የሚያልፈው እያስደነገጠ ይሄዳል፣ ቀስ ያለው ይበሳል።

መጀመሪያ ላይ የመዳብ ሽቦ አንስቼ ነበር። ለመብረቅ መከላከያ ከሕንፃ ጣሪያ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ እንደ ተለመደው 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ክብ ከሆነ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። በጣም ከባድ ተብሎ ለዲዛይን በሚያዘው መብረቅ እንኳ ይህ ሽቦ የሚሞቀው በ22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳነበው የማተሚያ ስህተት መስሎኝ ራሴ አሰላሁት። ልክ ነው። ጫፉ ላይ ያለው አየር 30,000 ዲግሪ፣ ሽቦው ለብ ያለ። መዳብ ኮረንቲውን ብዙም ሳይታገል ያሳልፈዋል፣ አየር ግን ይታገላል፤ ትኩሳቱም የሚወለደው ከትግሉ ነው።

ይሄን የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ያሰበው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በነጎድጓድ ሰማይ ላይ አበረረው ስለሚባለው ካይት (በክር ታስሮ በነፋስ የሚበር መጫወቻ) ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሱን ሐሳብ መጀመሪያ የሞከሩት ፈረንሳዮች መሆናቸውን ነው። ቶማ ፍራንሷ ዳሊባር እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1752 ማርሊ በተባለች መንደር ረጅም የብረት ዘንግ አስተክሎ ከነጎድጓድ ደመና ብልጭታ ተገኘ። በዓመቱ ሩሲያ ውስጥ ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ላይ ጌዮርግ ሪክማን የተባለው ሳይንቲስት ተመሳሳይ ሙከራ ሲያደርግ ሞተ። የሱ ዘንግ ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር። ኤሌክትሪኩን ሊለካው ፈልጎ ቤቱ ውስጥ አስገባው፤ መብረቁም ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ በሱ በኩል አገኘ።

የሰው ጉዳይ ከተነሳ፣ ከተመቱት አስር ሰዎች ዘጠኙ ያህል ይተርፋሉ ይባላል። ኮረንቲው አብዛኛውን ጊዜ በቆዳና በእርጥብ ልብስ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያጥረዋል። ጫማ ሊቀድ፣ ልብስ ሊበጣጥስ ይችላል። ሮይ ሱሊቫን የተባለው አሜሪካዊ የፓርክ ጠባቂ ከ1942 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ሰባት ጊዜ ተመትቶ ሰባቱንም ጊዜ ተርፏል። ፀጉሩ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ በእሳት ተያይዟል። ይሄን የምጽፈው «ቀላል ነገር ነው» ለማለት አይደለም። የተረፉት ብዙዎቹ ለዓመታት የማይለቅ የነርቭና የማስታወስ ችግር ይዘው ይኖራሉ። የሚሞተውም ብዙ ጊዜ ተቃጥሎ ሳይሆን ልቡ ቀጥ ብሎ ነው። የተመታ ሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም፤ ነክታችሁ ደረቱን መጫን ትችላላችሁ። በዚያች ደቂቃ የሚፈራ ካለ ሰው ይሞታል፣ ስለዚህ ይሄ ቢያንስ ይታወቅልኝ።

በቀጥታ የሚመታው ደግሞ ትንሹ ነው። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከመሬት ነው። መብረቁ ያረፈበት ቦታ ላይ ኮረንቲው በአፈሩ ዙሪያውን ይሰራጫል፤ በሁለት እግሮች መካከል እንኳ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። እግሮች በተራራቁ ቁጥር ልዩነቱ ይከፋል። አራት እግር ያላቸው እንስሳት የሚያልቁት ለዚህ ነው፤ ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር ያለው ርቀት ሰፊ ነው፣ ልብም መሀል መንገድ ላይ አለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2016 ኖርዌይ ውስጥ ሀርዳንገርቪዳ በተባለው አምባ ላይ 323 አጋዘኖች በአንድ ማዕበል ወድቀው ተገኙ።

የኔ ጉዳት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር የሚወራም አይደለም። አንድ ራውተር ነው። መብረቁ ቤታችንን አልመታም፣ አጠገባችንም አልወደቀም፤ ድምፁ ራሱ ዘግየት ብሎ ነው የመጣው። ራውተሩ ግን ጸጥ አለ። ከፍቼ አየሁት። የስልኩ መስመር የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ያለች ትንሽ ቺፕ መሀሏ ተፈንቅሎ ጉድጓድ ሠርቷል፣ ዙሪያው ላይ ጥላሸት አለ። ከሷ ወዲያ ያለው ሁሉ አዲስ ይመስላል። ፊውዙ አንድም ነገር አልሆነም! በጣም አናደደኝ፤ ሥራው ይሄ አልነበረም እንዴ?

አልነበረም። ፊውዝ ለመቅለጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። መብረቅ ሩቅ ቢወድቅም ኮረንቲው በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ከዜሮ ወደ ብዙ ሺህ አምፔር ስለሚወጣ፣ በዙሪያው ባሉ ረጃጅም ሽቦዎች ላይ ሳይነካቸው ቮልት ይፈጥራል። ለውጡ በፈጠነ ቁጥር ቮልቱ ይጨምራል። ፊውዙ ከመንቃቱ በፊት ነገሩ አልቋል። ድንገተኛ የቮልት ጭማሪን የሚከላከለው ሰርጅ ፕሮቴክተር ይፈጥናል፣ ግን የሱም አቅም ልክ አለው። ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ከሩቅ ስሰማ ተነስቼ እነቅላለሁ፤ የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም መስመር። ነጎድጓድ የሚሰማ ከሆነ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ላይ ናችሁና እናንተም ከሜዳ ግቡ።

ፍጥነቱን ይህን ያህል ካወራሁ ስለ ረጅሙም ልበል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ካጸደቃቸው ክብረ ወሰኖች መካከል እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 2020 በኡራጓይና በሰሜን አርጀንቲና ሰማይ ላይ 17.1 ሰከንድ የቆየ አንድ መብረቅ አለ። በርዝመት ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 2017 አሜሪካ ውስጥ 829 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ተመዝግቧል። 17 ሰከንድ የሚለውን ሳነብ ሰዓት ላይ የቆምኩበት ሒሳብ ሁሉ የፈረሰ መስሎኝ ነበር። አልፈረሰም። እንዲህ ያለው ብልጭታ በደመናው ውስጥ ወደ ጎን እየተዘረጋ የሚሄድ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲጠፋ ሌላው ይቀጥላል፣ ከሱም ሌላ ይወለዳል። የቆየው ቅብብሎሹ ነው እንጂ አንድም ቅርንጫፍ 30,000 ዲግሪ ላይ 17 ሰከንድ አልቆየም።